የጎማ ንፋስ በጉዞ ላይ ለምን ይለዋወጣል? ከአዲስ አበባ እስከ ዋሂል

ዋሂል (ድሬዳዋ)፦ ለመስክ ሥራ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በድሬዳዋ በኩል ወደ ዋሂል የሚጓዝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተሽከርካሪ በአንድ ወይም በሁለት ቀናት ውስጥ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት ያቋርጣል። ማለዳ በብርድ ተነስቶ እኩለ ቀን ላይ በቆላ ሙቀት ይጓዛል፤ ከአስፋልትም ወጥቶ ወደ ጠጠር መንገድ ይገባል። ይህ ሁሉ ለውጥ በቅድሚያ የሚንጸባረቀው በተሽከርካሪው ጎማ ውስጥ በታመቀው ንፋስ ላይ ነው።

ዋሂል በድሬዳዋ አስተዳደር ከሚገኙ የገጠር አካባቢዎች አንዷ ናት። የግብርና፣ የጤና፣ የትምህርት፣ የውኃና የመንገድ ሥራዎችን ለመከታተል ወደ እንዲህ ዓይነት አካባቢዎች የሚሠማሩ የሥራ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች የሚጓዙት አብዛኛውን ጊዜ ሰው፣ ውኃ፣ ነዳጅና የሥራ ቁሳቁስ አጣምሮ በያዘ ተሽከርካሪ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ መኝታና ማብሰያ የተገጠመላቸውን የመኖሪያ ተሽከርካሪዎች የሚነዱ ሰዎች ስለ ጎማ ንፋስ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች በእኛ አገር ተንቀሳቃሽ ክሊኒኮችን፣ አምቡላንሶችንና የመስክ ተሽከርካሪዎችን በቀጥታ የሚመለከቱት በዚሁ ምክንያት ነው። ሁሉም ከባድ ጭነት ይዘው ረጅም ርቀት የሚጓዙ ናቸውና።

በእንዲህ ዓይነት ጉዞ ሊፈጸሙ ከሚችሉ ስህተቶች አንዱ ቀላል ይመስላል። ተሽከርካሪው ማለዳ አዲስ አበባ ላይ ተለክቶ ይነሳል። ከቀትር በኋላ ድሬዳዋ ሲደርስ ንፋሱ እንደገና ይለካና ከጠዋቱ በልጦ ይገኛል። በዚህን ጊዜ "ጎማው እንዳይፈነዳ" በሚል ንፋሱ እንዲቀነስ ይደረጋል። በበጎ ሐሳብ የተወሰደው እርምጃ ግን ተሽከርካሪውን በማግስቱ ከሚገባው በታች ንፋስ ባለው ጎማ ላይ እንዲጓዝ ያደርገዋል። ጎማን ለመፈንዳት የሚዳርገው በአብዛኛው በጉዞ ላይ የሚታየው የግፊት መጨመር ሳይሆን በቂ ንፋስ ሳይኖረው ከነጭነቱ መጓዙ ነው።

የንፋስ መጠንና የንፋስ ግፊት

በተለምዶ "የጎማ ንፋስ ጨመረ" ወይም "ቀነሰ" ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። የመጀመሪያው በጎማው ውስጥ የታመቀው የአየር መጠን ሲሆን ሁለተኛው ያ አየር በጎማው ግድግዳ ላይ የሚያሳድረው ግፊት ነው። ጎማው ካልተበሳና ቫልቩ ካላፈሰሰ በስተቀር በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ የአየሩ መጠን አይለወጥም ማለት ይቻላል። የሚለዋወጠው ግፊቱ ነው። ስለሆነም ድሬዳዋ ላይ መለኪያው ከፍ ያለ ቁጥር ሲያሳይ ወደ ጎማው የገባ ተጨማሪ ንፋስ የለም ማለት ነው፤ ያው የአዲስ አበባው ንፋስ ሞቆ ግፊቱ ጨምሯል።

የጎማ ንፋስ ግፊት በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጸው ፒ.ኤስ.አይ. በሚባለው መለኪያ ሲሆን፣ ባርና ኪሎ ፓስካልም በሥራ ላይ ይውላሉ። 1 ባር 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. ወይም 100 ኪሎ ፓስካል ነው። ለእያንዳንዱ ተሽከርካሪ የተወሰነው ግፊት በአብዛኛው በአሽከርካሪው በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ምልክትና በተሽከርካሪው የአጠቃቀም መመሪያ ላይ ይገኛል። ብዙ ተሽከርካሪዎች ለቀላልና ለሙሉ ጭነት፣ ለፊትና ለኋላ ጎማ የተለያዩ ቁጥሮች አሏቸው። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ከጎማው የመሸከም አቅም ወሰን ጋር የተያያዘ እንጂ ለዚያ ተሽከርካሪ የታዘዘ ግፊት አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

በምልክቱ ላይ የሚሰጠው ቁጥር የቀዝቃዛ ጎማ ግፊት ነው። ቀዝቃዛ ጎማ የሚባለው ተሽከርካሪው ቢያንስ ለ3 ሰዓታት የቆመ ወይም በዝግታ ከ2 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ የተጓዘ ሲሆን ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ ጎማ ባይጓዝም እንኳ ይሞቃል፤ በፀሐይ በኩል ያለው ጎማ በጥላው በኩል ካለው በጥቂት ፒ.ኤስ.አይ. በልጦ ሊገኝ ይችላል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላማ ከተማ ተስማሚው የመለኪያ ጊዜ ፀሐይ ከመበርታቷ በፊት ማለዳ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ንፋሱን የሚያሞቀው ምንድን ነው?

ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር ከመሬት ጋር የሚገናኘው ክፍሉ ይጨፈለቃል፤ ከመሬት ሲነሳም ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። ይህ መታጠፍና መዘርጋት በየደቂቃው በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። በእያንዳንዱ እጥፋት ጥቂት ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱም ከላስቲኩ ወደ ውስጡ አየር ይተላለፋል። ፍጥነትና ጭነት ሲጨምሩ ሙቀቱም ይጨምራል።

ሁለተኛው የሙቀት ምንጭ አካባቢው ነው። በድሬዳዋ በተለይ በግንቦትና በሰኔ ወራት የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። ፀሐይ የመታው አስፋልት ደግሞ ከአየሩ የበለጠ ይሞቃል። ሦስተኛው ምንጭ ፍሬን ነው። ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሶ በሞተር ከመያዝ ይልቅ ፍሬን እያዘወተረ የሚወርድ አሽከርካሪ የፍሬኑን ሙቀት በቸርኬው በኩል ወደ ጎማው ያስተላልፋል። በተለይ ከባድ ተሽከርካሪዎች ቁልቁለቱን እንደጨረሱ የሚለካው ግፊት ከእውነተኛው ሁኔታ ጋር የማይመጣጠን ከፍተኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል።

በሙቀትና በግፊት መካከል ያለው ግንኙነት በሳይንስ ከታወቀ ከ200 ዓመታት በላይ ሆኖታል። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ጆሴፍ ልዊ ጌ-ሉሳክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባካሄዳቸው ጥናቶች በጋዞችና በሙቀት መካከል ያለው ግንኙነት መደበኛ መሆኑን አሳይቷል። በማይሰፋ ዕቃ ውስጥ የታመቀ ጋዝ ሲሞቅ ግፊቱ በዚያው ልክ ይጨምራል። ለተግባር የሚበቃው ስሌት የሚከተለው ነው፦ 35 ፒ.ኤስ.አይ. በተነፋ ጎማ ውስጥ ያለው አየር በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ግፊቱ በ1.6 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ከፍ ይላል። 80 ፒ.ኤስ.አይ. በተነፋ ጎማ ላይ ግን ጭማሪው 3 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ይሆናል። ከባድ ተሽከርካሪዎች በጉዞ ላይ ከፍ ያለ ለውጥ የሚታይባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

የከፍታ ተጽዕኖ

የንፋስ መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ግፊት አይደለም፤ ከውጭው አየር ግፊት በላይ የሆነውን ብቻ ነው። የውጭው አየር ግፊት ደግሞ ከፍታ ሲጨምር ይቀንሳል። በባሕር ወለል ላይ 14.7 ፒ.ኤስ.አይ. የሆነው የአየር ግፊት በአዲስ አበባ ከፍታ ወደ 11፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ድሬዳዋ ወደ 12.7 ይሆናል።

በዚህም መሠረት ሙቀቱ ሳይለወጥ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የወረደ ጎማ መለኪያው ላይ 1.7 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ቀንሶ ይታያል። እስከ ጅቡቲ ወደብ የሚዘልቅ ተሽከርካሪ ከሆነ ልዩነቱ 3.7 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ይደርሳል። ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ደግሞ በተቃራኒው መለኪያው ከፍ ይላል። ይሁን እንጂ ቆላው ከደጋው ስለሚሞቅ ከፍታው የቀነሰውን ሙቀቱ ይመልሰዋል። ከዚህ በታች ያለው ስሌት ይህንኑ በግልጽ ያሳያል።

ጉዞው በቁጥር

አንድ ተሽከርካሪ አዲስ አበባ ላይ ማለዳ በ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በ35 ፒ.ኤስ.አይ. ተነፍቶ ተነሳ እንበል። አዳማ ሲደርስ በጎማው ውስጥ ያለው አየር 45 ዲግሪ ቢሞቅ መለኪያው 39 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ያሳያል። አዋሽንና የጨርጨርን ተራሮች አልፎ ከቀትር በኋላ ድሬዳዋ ሲገባ የጎማው አየር 60 ዲግሪ ቢደርስ መለኪያው ወደ 41 ከፍ ይላል። ከማለዳው ጋር ሲነጻጸር ጭማሪው 6 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። የጎማ አምራቾች ጎማን የሚነድፉት ይህን ጭማሪ ታሳቢ አድርገው ስለሆነ ጭማሪው በራሱ የአደጋ ምልክት አይደለም።

ያው ተሽከርካሪ ንፋሱ ሳይነካ አድሮ በማግስቱ ማለዳ በ20 ዲግሪ ሙቀት ቢለካ 34.5 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይገኝበታል። ይኸውም ከመነሻው ቁጥር ጋር ተመሳሳይ ነው ሊባል ይችላል፤ የከፍታው መቀነስና የሙቀቱ መጨመር ተጣፍተዋልና። ምንም ማስተካከያ ሳያስፈልገው ወደ ዋሂል መቀጠል ይችላል።

አሁን ደግሞ ከቀትር በኋላ 41 የነበረው ንፋስ ወደ 35 እንዲቀነስ ተደርጎ ቢሆንስ? በማግስቱ ማለዳ መለኪያው የሚያሳየው 29 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ነው። ጎማው ከሚፈለግበት በ16 በመቶ ዝቅ ብሎ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ፣ ወደ ጠጠር መንገድ ይገባል። 80 ፒ.ኤስ.አይ. የሚያስፈልገው የከባድ ተሽከርካሪ ጎማ በተመሳሳይ ሁኔታ ቢቀነስ በማግስቱ የሚገኝበት 69 ያህል ብቻ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የጎማው ስፋት አይለወጥም በሚል የተሠሉ በመሆናቸው በተግባር በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ሊሉ ይችላሉ። መሠረታዊው መልእክት ግን አይለወጥም፤ ትኩስ ጎማ አይተነፍስም። በሌላ በኩል ትኩስ ጎማ ሲለካ ለቀዝቃዛ ከታዘዘው ቁጥር በታች ከተገኘ በእርግጥ ንፋስ ይጎድለዋል ማለት ነው። በዚህን ጊዜ ከታዘዘው ቁጥር በ4 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ከፍ አድርጎ ሞልቶ፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ለክቶ ማስተካከል ይገባል።

ጭነትና የጎማ ግፊት

ጭነት ሲጨመር በመለኪያው ላይ የሚታየው ለውጥ አነስተኛ በመሆኑ ብዙዎችን ያዘናጋል። ጭነት የሚጨምረው በዋናነት የጎማውን መጨፍለቅ ነው፤ መጨፍለቁ ደግሞ ሙቀትን ያመጣል። ስለዚህ ከፍ ያለ ጭነት ከመነሻው ከፍ ያለ ግፊት ይፈልጋል።

መኝታና ማብሰያ የተገጠመላቸው የመኖሪያ ተሽከርካሪዎች በዚህ ረገድ ጥሩ ማስተማሪያ ናቸው። እነዚህ ተሽከርካሪዎች ባዶ የሚሆኑበት ጊዜ የለም፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ የውኃ በርሜሉና ባትሪው ሁልጊዜ አብረው ይጓዛሉ። የኋላ ጎማቸው ዓመቱን ሙሉ ከአቅሙ ወሰን አጠገብ ተሸክሞ ስለሚኖር በአውሮፓ "ሲ.ፒ." የሚል ምልክት ያለበት የተለየ ጎማ ይዘጋጅላቸዋል። ለኋላ ጎማቸው የሚመከረው ግፊትም ብዙውን ጊዜ 5.5 ባር ወይም 80 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ነው። ባለቤቶቹ ተሽከርካሪውን ከነሙሉ ጭነቱ ሚዛን ላይ አውጥተው የፊቱንና የኋላውን አክስል ለየብቻ እንዲያስመዝኑ፣ ግፊቱንም በተገኘው ክብደት መሠረት እንዲወስኑ ይመከራሉ።

ይህ አሠራር ለመንግሥት የመስክ ተሽከርካሪም ይጠቅማል። ባለ 20 ሊትር የውኃ ጀሪካን ብቻውን ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። 10 ጀሪካን ውኃ፣ አምስት ተሳፋሪ፣ መጠባበቂያ ነዳጅ፣ ድንኳንና የሥራ ቁሳቁስ ሲደመር ክብደቱ በቀላሉ ከግማሽ ቶን ያልፋል፤ አብዛኛውም የሚያርፈው በኋላ አክስል ላይ ነው። ፖርቶመጋላ ላይ የተጫነ ዕቃ ደግሞ በመታጠፊያዎች ላይ ክብደቱን ወደ አንድ ወገን ጎማዎች ያዛውራል። ለከተማ አገልግሎት የተሞላ ንፋስ ለመስክ ጉዞ የማይበቃው በዚህ የተነሳ ነው።

በኋላ በኩል ተጣማጅ ጎማ ያላቸው ተሽከርካሪዎች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። የውስጠኛው ጎማ ለመለካት ስለማይመች በብዛት ይታለፋል። ከሁለቱ አንዱ ንፋስ ቢጎድለው ሌላው የሁለቱን ጭነት ብቻውን ይሸከማል። ከውጭ ሲታይ ተሽከርካሪው ያላጋደለ ቢመስልም ሁለቱም ጎማዎች ለጉዳት ይጋለጣሉ።

በቂ ንፋስ የሌለው ጎማ የሚያደርሰው ጉዳት

በቂ ንፋስ የሌለው ጎማ ጎኑ ከመጠን በላይ ይታጠፋል። ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ላስቲኩን ከሽቦዎቹና ከክሮቹ ጋር ያያያዘው ትስስር ይላላል፤ በመጨረሻም የጎማው ጥርስ ያለበት ንጣፍ ከአካሉ ይላቀቃል ወይም ጎማው ይፈነዳል። ይህ ጉዳት በአብዛኛው የሚከሰተው ተሽከርካሪው ፍጥነት ላይ ሳለ ነው። ጉዳቱ የሚጠራቀም መሆኑም አሳሳቢ ያደርገዋል። በአንድ ጉዞ ላይ በንፋስ እጥረት የተጎዳ ጎማ ንፋሱ ከተስተካከለ በኋላ በሌላ ጊዜ ሊፈነዳ ይችላል።

በከባድ ተሽከርካሪ ዘርፍ ከሚያስፈልገው ግፊት 80 በመቶ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ንፋስ የተጓዘ ጎማ ተንፍሶ እንደተጓዘ ተቆጥሮ ከቸርኬው ወጥቶ ይመረመራል። እንዲህ ያለውን ጎማ ሳይመረመር መሙላት ለጎሚስታው ሕይወት አደገኛ ነው። በጎማው ጎን ውስጥ ያሉት የተዳከሙ ሽቦዎች ንፋስ ሲሞላ በተከታታይ ተበጥሰው ጎማው በድንገት ሊፈነዳ ይችላልና። የከባድ ተሽከርካሪ ጎማ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ፣ ጎሚስታውም ከጎማው ጎን ርቆ ቆሞ በረጅም ቱቦ እንዲሞላ የሚመከረው ለዚሁ ነው።

ከመጠን በላይ መንፋትም የራሱ ጉዳት አለው። ጎማው መሬት የሚይዝበት ስፋት ይቀንሳል፤ የፍሬን መያዣ ርቀት ሊረዝም ይችላል፤ የጎማው መሃል ቀድሞ ያልቃል፤ በጠጠር መንገድም በቀላሉ ይቆረጣል። መፍትሔው ግን ቀዝቃዛ ጎማን በታዘዘው ልክ መንፋት እንጂ ትኩሱን ማስተንፈስ አይደለም።

የዓለም ተሞክሮ

የጎማ ንፋስ ጉዳይ የአንድን አገር ሕግ እስከ መለወጥ ደርሷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2000 ፋየርስቶን የተባለው የጎማ አምራች 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎች እንዲመለሱ ጥሪ አድርጓል። ከጎማዎቹ ብዙዎቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር በተባለው ተሽከርካሪ ላይ የተገጠሙ ነበሩ። የጎማዎቹ ንጣፍ በጉዞ ላይ እየተላቀቀ በደረሱ አደጋዎች በአሜሪካ ብቻ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

በወቅቱ ከተነሱት አከራካሪ ነጥቦች አንዱ የንፋስ ግፊት ነበር። የተሽከርካሪው አምራች ያዘዘው 26 ፒ.ኤስ.አይ. ሲሆን ጎማ አምራቹ 30 እንዲሆን መክሯል። የጎማው አሠራር፣ የተሽከርካሪው የመገልበጥ ባሕርይ፣ የአየሩ ሙቀትና ጭነቱም አብረው ተመርምረዋል። ልዩነቱ 4 ፒ.ኤስ.አይ. ብቻ መሆኑ ጥቂት የምትመስል ቁጥር በሞቃት አየርና በጭነት ላይ ምን ያህል ክብደት እንዳላት ያመለክታል።

አደጋውን ተከትሎ የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ሕግ መሠረት የጎማ ግፊት መቆጣጠሪያ መሣሪያ በአዳዲስ ቀላል ተሽከርካሪዎች ላይ እንዲገጠም ግዴታ ሆኗል፤ ግዴታው ሙሉ በሙሉ ተግባራዊ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከኖቬምበር 2014 ጀምሮ ለሁሉም አዳዲስ የቤት መኪናዎች፣ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ደግሞ ለአዳዲስ የጭነት ተሽከርካሪዎች፣ አውቶቡሶችና ተሳቢዎች ግዴታው ተዘርግቷል።

የመቆጣጠሪያው መብራት ምን ይነግረናል?

ዛሬ ወደ አገራችን የሚገቡ ብዙ ተሽከርካሪዎች ይህ መሣሪያ አላቸው። አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በየቸርኬው ውስጥ የተገጠመ መለኪያ ግፊቱን በሬዲዮ ሞገድ ለአሽከርካሪው ያሳውቃል። ሁለተኛው የጎማዎቹን የመሽከርከር ፍጥነት በማነጻጸር ንፋስ የጎደለውን ይገምታል። በዚህኛው ዓይነት አራቱም ጎማዎች እኩል ንፋስ ቢጎድላቸው ልዩነቱ ላይታወቅ ይችላል። መሣሪያው ለሌላቸው ተሽከርካሪዎች በቫልቭ ክዳን ምትክ የሚታሰሩ መለኪያዎች በገበያ ላይ ይገኛሉ።

የማስጠንቀቂያ መብራቱ ወሰን እንዳለው መታወቅ ይኖርበታል። በአሜሪካው ደንብ መሠረት መብራቱ እንዲበራ የሚጠበቀው ግፊቱ ከታዘዘው በ25 በመቶ ሲያንስ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ 35 መሆን ሲገባው 29 የሆነው ጎማ ጉድለቱ 16 በመቶ በመሆኑ መብራቱ ላይበራ ይችላል። መብራት አለመብራቱ ንፋሱ በቂ ነው ማለት አይደለም። በደጋ ብርድ ማለዳ በርቶ ከጥቂት ጉዞ በኋላ የሚጠፋ መብራት ደግሞ ጎማው "ተስተካከለ" ማለት ሳይሆን ንፋሱ በወሰኑ ላይ እንዳለና ጉዞው እንዳሞቀው የሚያመለክት ነው።

በየጎማው ግፊትን የሚያሳይ መሣሪያ ያለው አሽከርካሪ በጉዞ ላይ ማየት ያለበት ልዩነቱን ነው። የአንድ አክስል ግራና ቀኝ ጎማዎች ተቀራርበው መውጣትና መውረድ ይገባቸዋል። ሁሉም ሲጨምሩ አንዱ ብቻ ባለበት ከቆመ ወይም ከቀነሰ ንፋስ እየወጣ ነው። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ በተለየ ከሞቀ ደግሞ ያልለቀቀ ፍሬን ወይም የተጎዳ ኩሽኔታ ሊኖር ስለሚችል ቆሞ ማስመርመር ያስፈልጋል።

ጠጠርና አሸዋማ መንገድ

በድሬዳዋ አስተዳደር ገጠር ቀበሌዎች የሚጓዝ ተሽከርካሪ ደረቅ የጎርፍ መውረጃዎችን ማቋረጥ ሊኖርበት ይችላል። በልል አሸዋ ላይ የጎማን ንፋስ መቀነስ የታወቀና ተገቢ ዘዴ ነው። ጎማው ሲለሰልስ መሬት የሚይዝበት ርዝመት ስለሚጨምር አይሰምጥም። ቀላል የመስክ ተሽከርካሪዎች ለዚሁ ሲባል እስከ 20 ፒ.ኤስ.አይ. ድረስ ሊቀነስላቸው ይችላል።

ይሁንና ይህ ዘዴ ሁለት ሁኔታዎች ሲሟሉ ብቻ የሚሠራ ነው። አንደኛው በዝግታ መጓዝና በኃይል አለመጠምዘዝ ሲሆን ሁለተኛው ወደ አስፋልት ከመመለስ በፊት ንፋሱን በታዘዘው ልክ መሙላት ነው። ስለሆነም ኮምፕሬሰር ያልያዘ ተሽከርካሪ ንፋስ መቀነስ አይኖርበትም፤ አሸዋውን ቢሻገርም በመመለሻው መንገድ ላይ የሚጠብቀው አደጋ ከቀድሞው የባሰ ነውና።

በጉዞ ላይ

የመሪ ወደ አንድ ወገን መሳብ፣ የኋላ ክፍል መዋዠቅ፣ ያልተለመደ ንዝረትና የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ የጎማ ችግር ምልክቶች ናቸው። በዕረፍት ጊዜ የእጅን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ጎማ ማስጠጋት ብቻ የትኛው በተለየ እንደሞቀ ይነግራል። በዱላ ወይም በእግር መምታት ግን ፈጽሞ የተነፈሰውን ከመለየት ያለፈ አገልግሎት አይሰጥም፤ በ29 እና በ35 ፒ.ኤስ.አይ. መካከል ያለው ልዩነት በዓይንም ሆነ በእግር አይለይም።

ጎማ በጉዞ ላይ ቢፈነዳ አሽከርካሪው ፍሬን በድንገት መያዝ የለበትም። መሪውን በሁለት እጁ አጽንቶ ተሽከርካሪውን በመስመሩ ማቆየት፣ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ቀስ በቀስ ማንሳትና ፍጥነቱ ሲበርድ ወደ ዳር መውጣት ይኖርበታል። የመጠባበቂያ ጎማ ንፋስ ከሌሎቹ ጋር በአንድነት ያልተለካ ከሆነ በዚህ ሰዓት ተዘርግፎ የሚወጣው ጎማ ራሱ የተነፈሰ ሊሆን ይችላል።

የጎማው ዕድሜም ከንፋሱ ጋር አብሮ ይታያል። በጎማው ጎን ላይ ከታተሙት የመጨረሻ አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ ቀሪዎቹ ሁለቱ ዓመቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳያሉ። ለምሳሌ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ቢሆንም በርካታ አምራቾች ከ10 ዓመት በላይ የሆነው ጎማ ከአገልግሎት እንዲወጣ ይመክራሉ። ብዙ ጊዜ ቆመው ጥቂት ኪሎ ሜትር የሚጓዙ አምቡላንሶችና ተንቀሳቃሽ ክሊኒኮች ጥርሱ አዲስ የሚመስል፣ ፀሐይ ያደረቀው ጎማ ይዘው ሊገኙ ስለሚችሉ ይህ ነጥብ በተለይ ይመለከታቸዋል።

የመሥሪያ ቤቶች ድርሻ

የጎማ ንፋስ የአሽከርካሪው ብቻ ጉዳይ ተደርጎ መታየቱ ተገቢ አይደለም። የመነሻ ሰዓትን የሚወስነው፣ የተሳፋሪውንና የዕቃውን ብዛት የሚያጸድቀው፣ በሚቀጥለው ከተማ ለስብሰባ መድረስ አለብን ብሎ የሚያጣድፈው የጉዞው ኃላፊ ነው። ማለዳ ጎማ ለመለካት የሚወስደው 10 ደቂቃ በጉዞ ዕቅዱ ውስጥ ካልተያዘ አሽከርካሪው ሊለካ የሚችለው እኩለ ቀን ላይ፣ ጎማው በሞቀበት ሰዓት ብቻ ይሆናል።

በመሆኑም የትራንስፖርት ስምሪት ክፍሎች ለእያንዳንዱ የመስክ ተሽከርካሪ ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ የንፋስ መለኪያና አነስተኛ ኮምፕሬሰር ቢያሟሉ፣ ለሙሉ ጭነት የታዘዘውን የፊትና የኋላ ግፊት በጉልህ ጽፈው በተሽከርካሪው ውስጥ ቢለጥፉ፣ በስምሪት ፎርሙ ላይም የቀዝቃዛ ጎማ ልኬት፣ የተለካበት ቦታና ሰዓት የሚሞላበት ዓምድ ቢጨምሩ ወጪው ከአንድ አዲስ ጎማ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይሆንም። መዝገቡ ሌላም ጥቅም አለው። በተከታታይ ማለዳዎች ከሌሎቹ በተለየ የሚቀንስ ጎማ ቀዳዳ ወይም የቫልቭ ችግር እንዳለበት ከጉዞው በፊት ያሳያል።

ድሬዳዋ ያደረ ተሽከርካሪ ወደ ዋሂል ከመነሳቱ በፊት መደረግ ያለበትም ይኸው ነው፤ ፀሐይ ሳትበረታ አምስቱንም ጎማዎች መለካት፣ ከተለጠፈው የሙሉ ጭነት ቁጥር ጋር ማመሳከር፣ የጎደለውን መሙላት። ከዚያ በኋላ ቀን በጉዞ ላይ የሚታየው ጭማሪ ሊያስደነግጥ አይገባም። ሊያስቆም የሚገባው ሁሉም ጎማዎች ሲሞቁና ግፊታቸው ሲጨምር የአንዱ ብቻ ሲቀንስ ነው።